ከስኮርታ ጎማው ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ከየት ይመጣል? የሃይብሪድ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ፍሳሽ

ጥያቄ፦ «መኪናዬ ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ ናት። ዝናብ ከዘነበ በኋላ በኋላው ዕቃ መጫኛ ወለል ሥር፣ ስኮርታው በሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ አገኛለሁ። የኋላ በሩን ዙሪያ ጎማ በአዲስ አስቀየርኩ፣ ጠርዙንም በሲሊኮን ሞላሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። በቅርቡ ደግሞ ትንሹ ባትሪ ሁለት ጊዜ ሞተብኝ፣ ውስጧም ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አንድ ሰው ከጎድጓዳው ሥር ያለውን የጎማ ውታፍ አውጥቼ ውሃው እንዲፈስ እንድተወው መከረኝ። ይህ ይበቃል? ትልቁን ባትሪ ውሃ ነክቶት ኤሌክትሪክ ይይዘኝ ይሆን?»

መልስ፦ ውታፉን ማውጣት የተጠራቀመውን ውሃ ያስወጣል እንጂ የሚገባበትን ቀዳዳ አይዘጋም። ውሃው ጎድጓዳው ጋ ከመድረሱ በፊት በጎን ላሜራዎች ውስጥ፣ በሽቦ ማገናኛዎች ላይና በምንጣፉ ሥር አልፎ ነው የሚመጣው፤ ጉዳቱንም የሚያደርሰው በዚያው መንገዱ ላይ ነው። ክፍት የቀረው ቀዳዳ ደግሞ ጎማው የሚረጨውን ውሃና አቧራ፣ ከሁሉም የከፋውን የጭስ ማውጫ ጋዝ ወደ ውስጥ ያስገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ገብቶም አይታወቅም። ለዛሬ ውሃውን ለማፍሰስ ያውጡት፣ ከደረቀ በኋላ መልሰው ይግጠሙት፤ ጎማው ከተሰነጣጠቀ ወይም ከጠነከረ በአዲስ ይተኩት።

ስለ ትልቁ ባትሪ የሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አደጋው ግን እርስዎ ባሰቡት በኩል አይደለም። በዚህ ሞዴል 28 ሞጁሎች (ባትሪው የተሠራባቸው ክፍሎች) በተከታታይ ተያይዘው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ። ሁሉም በብረት ሣጥን ውስጥ ሆነው ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ከጎድጓዳው ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። የከፍተኛ ቮልቴጁ ፖዘቲቭም ሆነ ኔጋቲቭ ከመኪናዋ አካል ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ጎድጓዳው ውስጥ ያለውን ውሃ መንካት በራሱ አይይዝዎትም። በመስመሩና በአካሉ መካከል ያለው መከላከያ ሲዳከም ኮምፒውተሩ ለይቶ ያስጠነቅቃል፤ የሚመዘግበውም ፒ0ኤኤ6 (P0AA6) የሚባለውን የብልሽት ኮድ ነው። ይህ ኮድ ካለ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ትተው መኪናዋን ሳያስነሷት በቀጥታ የሃይብሪድ ባለሙያ ዘንድ ያስወስዷት።

ትልቁን ባትሪ የሚጎዳው ቀስ ብሎ የሚሠራው እርጥበት ነው። የባትሪው ማቀዝቀዣ ፋን ከኋላ ወንበር አጠገብ ካለው መሳቢያ የተሳፋሪውን ክፍል አየር እየሳበ በሞጁሎቹ መካከል ያሳልፋል። ወለሉ ለወራት እርጥብ ከሆነ ያ እርጥብ አየር ሞጁሎቹን የሚያገናኙትን የመዳብ ቁራጮች አረንጓዴ ዝገት ያስይዛቸዋል፣ ቮልቴጅ የሚለኩትን ቀጫጭን ሽቦዎች ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ጤነኛ ባትሪ እንደተበላሸ ተቆጥሮ ይቀየራል። ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ደግሞ በቀኝ በኩል በኋለኛው ጥግ፣ ውሃው በሚወርድበት አካባቢ ነው ያለው። ሁለት ጊዜ መሞቱ ከፍሳሹ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ የራሱ እርጅናም ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይፈትሹት። ሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ በቴስተር 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከ12.2 በታች ከሆነ ይሙሉት። ሞልቶ ካደረ በኋላ ያለ ጭነት እንደገና ከወረደ ባትሪው አርጅቷል፤ ከመኪናዋ ጋር ሲገናኝ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ግን አንድ የረጠበ ማገናኛ ወይም ሞጁል ኃይል እየጠጣ ነው።

አሁን ወደ በሩ ጎማ። ውሃ ከኋላ በር አጠገብ ስለተገኘ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው እሱን ነው፤ ጥፋተኛ የሚሆነው ግን ከሌሎቹ መግቢያዎች ያነሰ ጊዜ ነው። ለማረጋገጥ የወረቀት ቁራጭ በጎማውና በላሜራው መካከል አድርገው በሩን ዝጉና ወረቀቱን ይሳቡት። በየ20 ሴንቲሜትሩ ይድገሙት። በሁሉም ቦታ እየታገለ ከወጣ ጎማው ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ላላ ካለ ጎማው የሚሰካበት የላሜራ ጠርዝ ታጥፎ ወይም የበሩ መቆለፊያ ከቦታው ተዛንፎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በማስተካከል እንጂ በአዲስ ጎማ አይፈታም።

የሞሉት ሲሊኮን መውጣት አለበት። የቤት ሲሊኮን፣ በተለይ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ አሴቲክ አሲድ እየለቀቀ ነው የሚደርቀው፤ ቀለሙ የተነሳ ላሜራ ካገኘ ያዝገዋል። ከዚህም በላይ ፊቱ ላይ ሌላ ማሸጊያም ሆነ ቀለም አይዝም። ትክክለኛውን ማሸጊያ ከላዩ ቢቀቡበት በጥቂት ወራት ውስጥ ይላጣል። በፕላስቲክ መፋቂያ አንስተው ቅሪቱን ሲሊኮን በሚያነሳ ማጽጃ ደጋግመው ይጥረጉት።

ቁሳቁስ ከመግዛትዎ በፊት ውሃው መቼ እንደሚገባ ይለዩ፤ ፍለጋውን ከግማሽ በላይ ያሳጥርልዎታል። መኪናዋ ቆማ ዝናብ ሲዘንብባት ብቻ የሚገባ ከሆነ መግቢያው ከላይ ነው፦ የጣሪያ መጋጠሚያ፣ አንቴና፣ መስታወት ወይም የኋላ መብራት። በደረቅ ሰማይ በረጠበ መንገድ ሲነዱ የሚገባ ከሆነ ጎማው የሚረጨው ውሃ ነው፤ ያኔ ከፓራውልቱ ጀርባ ያሉትን የአየር መውጫዎች፣ የወለል ውታፎቹንና የጎማ ቤቱን መጋጠሚያዎች ይጠርጥሩ። ዝናብ ሳይኖር የኋላውን መስታወት ውሃ ሲረጩ የሚመጣ ከሆነ ከፊት እስከ ኋላ በር የሚዘልቀው ቀጭን ቱቦ ተለያይቷል ወይም ተሰንጥቋል፤ ውሃው የመስታወት ማጠቢያው ቀለምና ሽታ ይኖረዋል። መኪናዋ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ዳገት ላይ ስትቆም ብቻ የሚብስ ከሆነ ውሃው ከጣሪያው ወደ ኋላ እየሮጠ ነው። በሩን ሲከፍቱ በድንገት የሚንዠቀዠቅ ከሆነ ደግሞ የበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉት የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ተደፍነው በሩ ራሱ ውሃ ቋጥሯል፤ በቀጭን ሽቦ መክፈት ይበቃል።

በዚህ ሞዴል፣ ዕድሜዋንም ስናስብ፣ ቀዳሚው ተጠርጣሪ የጣሪያው ቦይ ነው። ከጣሪያው ግራና ቀኝ ከፊት መስታወት እስከ ኋላ በር የሚዘልቁ ሁለት ጥቁር ቀጫጭን ሽፋኖች አሉ። ከሥራቸው የጣሪያው ላሜራና የጎኑ ላሜራ በነጥብ ብየዳ የተጋጠሙበት ቦይ ይገኛል። ነጥብ ብየዳ ብረት ያያይዛል እንጂ ውሃ አያግድም፤ የሚያግደው ፋብሪካው መጋጠሚያው ላይ የቀባው ማሸጊያ ነው። ላሜራው ቀን በፀሐይ ሲሰፋ፣ ሌሊት በብርድ ሲሰበሰብ ማሸጊያው ከዓመታት በኋላ ይጠነክርና እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። ጣሪያው ላይ የወረደው ዝናብ ብዙው በዚህ ቦይ ስለሚያልፍ ለዓይን የማይሞላ ስንጥቅ በአንድ ሌሊት ጎድጓዳውን ያጥለቀልቃል። ውሃው ከገባ በኋላ በኋለኛው ምሰሶ ውስጥ ወርዶ፣ በጎማ ቤቱ ዙሪያ ዞሮ፣ በመጨረሻ ዝቅ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ያርፋል። የገባበትና የታየበት ቦታ ከአንድ ሜትር በላይ ሊራራቁ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የኋላ መብራቶቹ ናቸው። ከጀርባቸው ያለው የስፖንጅ ጓርኒሲዮን በጊዜ ብዛት ይጠፈጠፍና ተመልሶ አያብጥም፤ ውሃው በሽቦው ቀዳዳ ወይም በዳዶዎቹ ዙሪያ ይገባል። ሦስተኛው ከፓራውልቱ ጀርባ በሁለቱ ጥግ ያሉት የአየር መውጫዎች ናቸው። በር ሲዘጋ ውስጥ የታፈነው አየር የሚወጣው በእነሱ ነው፤ ቀጫጭን የጎማ ምላሶች ወደ ውጭ ብቻ ይከፈታሉ። መኪናዋ ከኋላ ተገጭታ የምታውቅ ከሆነ ክፈፋቸው ከላሜራው ተላቆ ይሆናል። አደራ፣ ምላሶቹን በማሸጊያ አይድፈኗቸው። መስታወቱ ጭጋግ ይይዛል፣ በር ለመዝጋት ያስቸግራል፣ ትልቁን ባትሪ ያቀዘቀዘው አየርም መውጫ ያጣል። የሚታሸገው ክፈፉ ከላሜራው ጋር የሚገጥምበት ዙሪያ ብቻ ነው። የአንቴናው መቀመጫና የጎን መስታወቶቹ ማጣበቂያ ከእነዚህ በኋላ ይታያሉ።

ፍተሻውን ለመጀመር ከኋላ ያለውን ሁሉ ያውጡ፦ የወለል ሰሌዳዎቹን፣ የዕቃ ሣጥኑን፣ ስኮርታውንና የግራና ቀኝ የጎን ሽፋኖቹን። የፕላስቲክ ክሊፖቹን በካቻቢቴ አይፈንቅሏቸው፤ የፕላስቲክ መፈንቀያ ይጠቀሙ፣ ጥቂት ትርፍ ክሊፖችም ይያዙ፤ ያረጀ ፕላስቲክ መሰበሩ አይቀርም። መኪናዋን አጥፍተው ቁልፉን ርቀው ያስቀምጡ፣ ከዚያ የ12 ቮልቱን ኔጋቲቭ ይፍቱ። በዚህ ሞዴል ባትሪው ሲፈታ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መኪናዋ ከፓርኪንግ ስለማትወጣ መጀመሪያውኑ ውሃ በሚያጠጡበት ቦታ ያቁሟት። ሁለተኛ፣ የኋላ በሩ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ከተዘጋ በኋላ በውጭው ቁልፍ አይከፈትም። በበሩ የውስጥ ሽፋን ላይ ካለች ትንሽ ክዳን ጀርባ የእጅ መክፈቻ አለ፤ በሩን ከመዝጋትዎ በፊት እንደሚሠራ ያረጋግጡ። ብርቱካናማ ሽቦዎችን አይንኩ፣ የትልቁን ባትሪ ክዳን አይክፈቱ። ለፍሳሽ ፍለጋ ሁለቱም አያስፈልጉም።

ከዚያ ያድርቁ። ይህ የሚዘለለው ደረጃ ነው፤ ተዘሎ ከሆነ ግን የሚያዩት ጠብታ የዛሬ ይሁን የትናንት መለየት አይቻልም። በፎጣ ጠርገው ፋን አስነስተው ያሳድሩት። ላሜራው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በጎን ቦዮቹ፣ በጎማ ቤቱ ላይ፣ ከመብራቶቹ ሥርና በጎድጓዳው ግድግዳ ላይ የሕፃናት ዱቄት ስስ አድርገው ይንፉ። ውሃ ባለፈበት ሁሉ ጥርት ያለ መስመር ይቀራል፤ መስመሩን ወደ ላይ እየተከተሉ ምንጩ ጋ ይደርሳሉ።

ውሃ የሚያፈስስ አንድ ሰው ውጭ፣ ባትሪ መብራት የያዘ አንድ ሰው ውስጥ ይሁን። ፕሪየስ የኋላ ክፍሏ ከወንበሮቹ ጋር ስለሚገናኝ ውስጥ መግባት ችግር የለውም፤ ዕቃ መጫኛው ለብቻው በሚዘጋ መኪና ላይ ግን ሰው ውስጥ አስገብቶ መቆለፍ ፈጽሞ አይገባም። አፍ የሌለው ቱቦ ይያዙ፣ ውሃው በቀስታ ይውረድ። ከፍተኛ ግፊት ያለው ማጠቢያ ጤነኛውን ጓርኒሲዮን ሁሉ ጥሶ ስለሚገባ የሌለ ፍሳሽ ያሳያችኋል። ዋናው ሕግ ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው፤ ከጣሪያ ከጀመራችሁ ውሃው በሁሉም ላይ ስለሚወርድ የትኛው እንዳስገባ አይታወቅም። መጀመሪያ የፓራውልቱን አካባቢ ለ5 ደቂቃ፣ ከዚያ አንዱን መብራት ለ5 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ከዚያ የበሩን ዙሪያ፣ የጎን መስታወቶቹን፣ በመጨረሻ የጣሪያውን ቦይ ከፊት ጀምሮ ለ15 ደቂቃ ያጠጡ። ጣሪያው ጊዜ ይፈልጋል፤ ውሃው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው ወደ ታች የሚደርሰው። አንድ መግቢያ ሲገኝ ፍተሻውን አታቁሙ። ባረጀች መኪና ላይ ሁለትና ሦስት መግቢያ በአንድ ጊዜ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ «አሸግኩት ግን አሁንም ያፈሳል» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። የተገኘውን በቴፕ ሸፍናችሁ፣ ውስጡን አድርቃችሁ ቀጥሉ።

የጣሪያውን ቦይ ለመጠገን ሽፋኑን ከአንድ ጫፍ ጀምረው በቀስታ ያንሱት። የተሰነጣጠቀውንና የላላውን አሮጌ ማሸጊያ በፕላስቲክ መፋቂያ ያውጡ፤ አጥብቆ የያዘውን ይተዉት። ዝገት ካለ እስከ ንጹሕ ብረት ፍቀው አንቲረስት ይቀቡና ይድረቅ። በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው ለመኪና አካል መጋጠሚያ የተሠራ ፖሊዩሬቴን ወይም ኤምኤስ ፖሊመር ማሸጊያ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ስፋት አድርገው ያውርዱና በብሩሽ ወደ መጋጠሚያው እየገፉ ያስተኙት። አንድ ካርትሪጅ ለሁለቱም ጎን ይበቃል። ስንጥቁ የታየበትን ቦታ ብቻ አይቀቡ፤ የቀረው ማሸጊያ እኩል ያረጀ ስለሆነ በሚቀጥለው ክረምት በሌላ ቦታ ይከፈታል። ከፊት እስከ ኋላ፣ ግራውንም ቀኙንም ይቀቡ። እንዲህ ያለው ማሸጊያ ከአየር እርጥበት ወስዶ በቀን 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ነው የሚደርቀው፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው። ሽፋኑን ሲመልሱ የተሰበሩትን ክሊፖች ይቀይሩ።

ለመብራቱ ሶኬቱን ነቅለው፣ ከውስጥ ያሉትን ዳዶዎች ፈተው ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡት። አዲስ ጓርኒሲዮን ይግጠሙ፤ ካልተገኘ የማይደርቅ የቡቲል ገመድ በሽቦው ቀዳዳና በእያንዳንዱ ቡሎን ዙሪያ ሳይቋረጥ ያዙሩ። ዳዶዎቹን በእኩል፣ በእጅ ኃይል ብቻ ያጥብቁ። ቡሎኖቹ የተተከሉት ፕላስቲክ ላይ ስለሆነ ከልክ በላይ ማጥበቅ የመብራቱን አካል ይሰነጥቅና አዲስ ፍሳሽ ይፈጥራል። ለአየር መውጫው ፓራውልቱ መውረድ አለበት፤ ክፈፉን አውጥተው አጽድተው ዙሪያውን በቡቲል ይመልሱት፣ ምላሶቹም በነፃነት እንደሚንቀሳቀሱ በጣት ይፈትሹ። መግቢያው በማጣበቂያ የተያዘ መስታወት ሆኖ ከተገኘ ግን ከውጭ መለጠፍ አያዋጣም፤ በመስታወት ሠራተኛ ወጥቶ እንደ አዲስ መለጠፍ አለበት።

መግቢያው ከተዘጋ በኋላ ምንጣፉንና ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ከመኪናዋ አውጥተው ለየብቻ ያድርቁ። ላዩ ደርቆ ስፖንጁ ለሳምንታት ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ ሽታውም ከዚያ ነው። በጎኖቹ ያሉትን የሽቦ ማገናኛዎች አንድ በአንድ ነቅለው አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ በኤሌክትሪክ ማገናኛ ማጽጃ ይርጩ፣ ከአካሉ ጋር የተያያዙትን የመሬት ቡሎኖች ፈተው እስኪያበሩ ፍቀው ይመልሱ። የ12 ቮልቱን ባትሪ የሚቀይሩ ከሆነ በሰዎች ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ የተሠራውን ዓይነት ብቻ ይግዙ፣ የጋዝ ማስወጫ ቱቦውንም መግጠም አይርሱ።

በእጅዎ መሥራት የሚችሉት እዚህ ድረስ ነው። ውሃው የትልቁን ባትሪ ሣጥን የነካበት ምልክት ካዩ፣ የሃይብሪድ ማስጠንቀቂያ ከበራ፣ ወይም በኮድ ማንበቢያ መሣሪያ የባትሪ ኮድ ከታየ መኪናዋን አያስነሷት። ሣጥኑን ለመክፈት የከፍተኛ ቮልቴጁን መስመር የሚቆርጠው የአገልግሎት መሰኪያ ወጥቶ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ኮንደንሰሮች እስኪራገፉ በዚህ ሞዴል ቢያንስ 5 ደቂቃ መጠበቅ፣ እስከ 1000 ቮልት የተፈተሸ ጓንት ማድረግና ቮልቴጁ መውረዱን በቴስተር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ላይ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው። ሌላ የበር ጎማ አይግዙ። ዛሬ ውሃውን አፍስሰው ምንጣፉን ያውጡ፣ ሲሊኮኑን ያንሱ፣ በዱቄትና በቱቦ ይፈትሹ። ጣሪያው ቦይ ላይ ከተገኘ ሁለቱንም ጎን ሙሉ በሙሉ ያሽጉ፤ እግረ መንገድዎን፣ ሽፋኖቹ ወጥተው ሳለ፣ የሁለቱንም መብራት ጓርኒሲዮን ይቀይሩ፤ ሥራው ትንሽ ነው። የጎን ሽፋኖቹን ወዲያው አይመልሱ። በመጋጠሚያዎቹ ሥር ደረቅ ወረቀት ለጥፈው ሁለት ጥሩ ዝናብ ይለፍ። ወረቀቱ ሳይረጥብ ከቆየ ያኔ ይግጠሟቸው፤ ከረጠበ ደግሞ የረጠበው ቁራጭ ቀሪው መግቢያ በየትኛው በኩል እንዳለ ይነግርዎታል።